በ34 ድምፅ አዮዋን ያሸነፈው ሪክ ሳንቶረም፦ የምታስታውሱት አላችሁ?

አዮዋ በረዶ፦

ሰላም ወገኖች። ይህን ክር የከፈትኩት ልጄ ባነሳው ጥያቄ ነው። ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቷል። እሁድ ምሳ ላይ «አባዬ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ለፕሬዝዳንትነት ቢወዳደር ምን ይጠቅማል?» አለኝ። ሪክ ሳንቶረም በ2012 የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዝዳንት እጩ ለመሆን ያደረገውን ውድድር አነሳሁለት። ስሙን ሰምቶት አያውቅም። እኔ ግን ያን ጊዜ እዚሁ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ዲሞይን ከተማ ነበርኩ። ዜግነት ባገኘሁ በዓመቱ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁትም ያን ሌሊት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለማያውቁት ልንገራችሁ። ሳንቶረም የፔንሲልቬንያ ሴናተር ነበር። ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ነው፤ ካቶሊክ ነው። በ1994 እና በ2000 ተመረጠ። በ2006 ግን በቦብ ኬሲ ተሸነፈ፤ ያውም ከ17 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት። ሥልጣን ላይ ያለ ሴናተር እንዲህ ሲወድቅ ሰው «አበቃለት» ይላል። እውነትም ከአራት ዓመት በላይ ያለ ሥልጣን ቆየ። ከዚያ ጁን 2011 ላይ ሶመርሴት በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ ቆሞ ለፕሬዝዳንትነት እወዳደራለሁ አለ። ያን አካባቢ የመረጠው አያቱ የድንጋይ ከሰል የቆፈሩበት አገር ስለሆነ ነው።

ማንም አልቆጠረውም። ሚት ሮምኒ ገንዘቡም ድርጅቱም ነበረው። ሮምኒን ያልወደደው ወግ አጥባቂ ደግሞ በየወሩ አዲስ ሰው ይይዝ ነበር። መጀመሪያ ሚሼል ባክማን፣ ከዚያ ሪክ ፔሪ፣ ከዚያ ኸርማን ኬን፣ ከዚያ ኒውት ጊንግሪች። እያንዳንዳቸው ወጡ፤ ወረዱ። ኦገስት ላይ እዚህ ኤምስ ከተማ በተደረገው የሙከራ ምርጫ ሳንቶረም 1,657 ድምፅ አግኝቶ አራተኛ ወጣ። በክርክሮቹ ላይ ዳር ላይ ነበር የሚያቆሙት። የሚጠየቀውም ጥቂት ነበር።

እሱ ግን አዮዋን በፒክአፕ መኪና ዞራት። አውቶቡስ አልነበረውም። መኪናዋ የቸክ ላውድነር ናት፤ የእዚህ አገር የፓርቲ ሰው ነው። የአዮዋን 99 ካውንቲዎች (የክፍለ ግዛቱን የአስተዳደር ክፍሎች) በሙሉ ረገጠ። ከ350 በላይ ስብሰባ አደረገ። ፒዛ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የትም። እኔም አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ይዞኝ ሄደ። ሃያ ሰው አንሞላም። ሰውየው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ ጥያቄ መለሰ። እጅጌ የሌለው ሹራቡን ለብሶ ነበር። አንዲት አሮጊት ስለ ጡረታ ሦስት ጊዜ መልሰው መላልሰው ጠየቁት። ሦስቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። በሁሉም ነገር አልተስማማሁም። ነገር ግን ያን ትዕግሥት አልረሳውም።

ኦክቶበር ላይ በዲሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ 5 በመቶ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ቀን የወጣው መለኪያ 15 አደረሰው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ተለይተው ሲታዩ ደግሞ 21። ጃንዋሪ 3 ኮከሱ ተደረገ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፈ ተባለ። 30,015 ለ 30,007። እንግዲህ አስቡት፣ 8 ሰው! በሁለት መኪና ይጫናል።

ከዚያ ጃንዋሪ 19 የተረጋገጠው ቆጠራ ወጣ። የበለጠው ሳንቶረም ሆነ። 29,839 ለ 29,805። በ34 ድምፅ።

ግን 16 ቀን አልፎ ነበር። እዚያ ላይ ነው ልቤ የሚደማው።

ፒያሳ ሰፈር፦

ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ጥሩ አድርገው ጽፈውታል፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ኮከስ የሚባለው ከምርጫ በምን ይለያል? እኛ ጋ ሕዝቡ የሚመርጠው የፓርላማ አባል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጣው ከፓርላማው ነው። ፕሬዝዳንቱንም ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው የሚመርጡት። ስለዚህ አንድ ሰው ራሱ በመኪና እየዞረ «ፕሬዝዳንት ልሁን» ማለቱ ለእኔ እንግዳ ነው። ደግሞስ ውጤቱ እንዴት 16 ቀን ይቆያል?

አዮዋ በረዶ፦

ወንድሜ፣ ተባረክ። ያየሁትን ልንገርህ።

ኮከስ ስብሰባ ነው። ጠዋት ሄደህ ድምፅህን ጥለህ የምትመለስበት አይደለም። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው በየሰፈሩ ይሰበሰባል። እኛ የተሰበሰብነው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ውጭው ብርድ ነው። ልጆች የሚቀመጡባቸው ትንንሽ ወንበሮች ላይ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ለየእጩው አንድ አንድ ሰው ተነስቶ ይናገራል። ለሳንቶረም የተናገረው ሰው ገበሬ ነበር። ወረቀት አልያዘም። ሰውየው በእኛ ካውንቲ ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጠረልን፤ በዚያው ተቀመጠ።

ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ታደለ። የእጩውን ስም በእጅህ ትጽፋለህ። ዴሞክራቶቹ ያን ጊዜ እጩአቸውን በየጥጉ ቆመው ነበር የሚለዩት፤ ሪፐብሊካኖቹ ግን በምስጢር ነው። ወረቀቱ እዚያው ፊታችን ተቆጠረ። እኔ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። አገሬ እያለሁ በዕድሜዬ ሙሉ ያላደረግኩትን ነው ያደረግኩት።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ ሰብሳቢው ውጤቱን ወደ ፓርቲው ያስተላልፋል። እሱ የዚያ ሌሊት ወሬ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። የመጨረሻው «ፎርም ኢ» የሚባል የተፈረመበት ወረቀት ነው። በ1,774 ጣቢያ ይህ ወረቀት ተሞልቶ፣ ተፈርሞ መላክ አለበት። ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደክሟቸዋል፤ መሽቷል። ለዚህ ነው የቆየው።

ስህተቱም በዚያው መንገድ ገባ። አፓኑስ ካውንቲ ውስጥ ሞልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሮምኒ ያገኘው 2 ድምፅ ነበር። 22 ተብሎ ተመዘገበ። ይህን ያየው እዚያው ስብሰባ ላይ የነበረ አንድ መራጭ ነው። ቁጥሩን በራሱ ወረቀት ጽፎ ይዞት ነበር። ተመልከት፣ የአንዲት መንደር 20 ድምፅ በ8 ድምፅ የተወሰነን ውጤት ይገለብጣል። ያን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

ቁጥር ወዳጅ፦

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አዮዋ በረዶ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ከሌላ በኩል ልየው።

በዚያ ሌሊት በአዮዋ በሪፐብሊካን በኩል ድምፅ የሰጠው 120,000 ሰው ገደማ ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ጉልበት ካለው ከዚህ ሕዝብ ብዙውን በአካል ሊያገኘው ይችላል። በጉልበትና በጊዜ ገንዘብን የምትተካው እንደዚህ ባለ ቦታ ብቻ ነው። ፍሎሪዳን በፒክአፕ አትዞራትም። እዚያ ቴሌቪዥን ነው የሚመርጥልህ። ጃንዋሪ 31 ፍሎሪዳ ላይ ሮምኒ 46 በመቶ አገኘ። ሳንቶረም 13። ኒው ሃምፕሻየር ላይም 10 በመቶ አልሞላም።

ስለዚህ የአዮዋው ድል በሌሊቱ ቢነገርስ ምን ይለወጥ ነበር? ብዙ ሰው «ሁሉንም ነገር ይለውጥ ነበር» ይላል። እኔ አላምንም። ገንዘብ ይገባለት ነበር፣ እሺ። ነገር ግን በሳምንቱ ኒው ሃምፕሻየር ላይ ማሸነፍ አይችልም። አገሩ የሮምኒ ነበር።

ፌብሩዋሪ 7 ግን እኔም ራሴ ተገርሜአለሁ። በአንድ ቀን ሦስት አሸነፈ። እዚህ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ሚዙሪ። በ2008 ኮሎራዶን በትልቅ ልዩነት የወሰደው ሮምኒ ነበር። እኔ ያን ቀን ዜናውን ሥራ ቦታ ነው የሰማሁት። አብሮኝ የሚሠራው ፈረንጅ «የትኛው ሳንቶረም?» አለኝ።

የሚዙሪው ግን ተወካይ (የፓርቲውን እጩ በሚመርጠው ጉባኤ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ሰው) የማይሰጥ ምርጫ ነበር። ለስሙ ነው የተካሄደው። ይህንንም እንወቅ።

የልጆች እናት፦

እንደምን ዋላችሁ። እኔ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው የምኖረው። ፖለቲካ ብዙም አልከታተልም። ግን ስለዚህ ሰው ሲወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሳንቶረም ኢዛቤላ የምትባል ልጅ አለችው፤ ቤላ ይሏታል። በ2008 ነው የተወለደችው። ትራይሶሚ 18 የሚባል ችግር አለባት። ይህ ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ አንድ ዓመት አይሞሉም። እኔ የምሠራው እንደዚህ ያሉ ልጆችን በመንከባከብ ነው። ሌሊት ሌሊት ነው የምሠራው። ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አባት ምርጫ ላይ ሆኖ ልጁ ሆስፒታል ስትገባ ሁሉንም ትቶ ሲሮጥ አየሁት። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፍሎሪዳ ሊመረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው። ቅስቀሳውን አቋርጦ ሄደ።

ኮከሱ ላይ ስሄድ ለጓደኛዬ «የማውቀው ስለ ልጁ ብቻ ነው» አልኳት። ድምፄን ለእሱ ሰጠሁ። ሚኒሶታ ላይ 45 በመቶ አገኘ። ከኋላው ሌላው ተወዳዳሪ ሮን ፖል ነበር እንጂ ሮምኒ ሦስተኛ ነው የወጣው።

ምናልባት ፖሊሲ ሳይታይ መምረጥ ልክ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ሰውን የማየው ደካማውን እንዴት እንደሚይዝ ነው።

አሌክሳንድሪያ ዳር፦

እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ማንም ሊወቅስሽ አይችልም።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ቨርጂኒያ። እኔ ደግሞ ልመርጠው ፈልጌ ያልመረጥኩት ሰው ነኝ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው አያውቀውም። ልንገራችሁ።

በቨርጂኒያ ስምህ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንዲወጣ 10,000 ፊርማ ማምጣት ነበረብህ። ያውም ከ11ዱ የምክር ቤት ወረዳዎች ከእያንዳንዱ ቢያንስ 400። ቀነ ገደቡ ዲሴምበር 22፣ 2011 ነበር። ያሟሉት ሮምኒና ሮን ፖል ብቻ ናቸው። ፔሪና ጊንግሪች ፊርማ አስገብተው አልበቃቸውም። ሳንቶረም ጭራሽ አላስገባም። ሰውየው በዚያን ጊዜ የሚኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው! እኔ ከምነዳበት አካባቢ ብዙም አይርቅም።

ማርች 6 ድምፅ ልሰጥ ሄድኩ። ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ነው የሄድኩት። ሁለት ስም ብቻ ነው ወረቀቱ ላይ ያለው። ሌላ ስም በእጅ መጻፍም አይፈቀድም። እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ኦሃዮ ደግሞ በዚያው ቀን ነበር። ሮምኒ እዚያ ያሸነፈው ከአንድ ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነው። ግን ሳንቶረም ቢያሸንፍም ሙሉውን አያገኝም ነበር። በሦስት የምክር ቤት ወረዳዎች የተወካዮቹን ዝርዝር ጭራሽ አላስገባም። ሕዝቡ መርጦት እንኳ የሚላክለት ሰው የለም ማለት ነው።

እኔ ሁሌ የምለው ይህን ነው። ሰውየውን ያሸነፈው ሮምኒ ብቻ አይደለም። ወረቀት ነው። ዲሴምበር ላይ አዮዋ ውስጥ በየፒዛ ቤቱ ሲዞር ቨርጂኒያ ውስጥ ወረቀት ይዞ የሚቆም ሰው አልነበረውም። ገንዘብ የሌለው እጩ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይችልም። እኔን ያስቆጨኝ፣ እዚህ ያለን ስንት ነን። ቢጠሩን ቅዳሜና እሁድ ቆመን ፊርማ እንሰበስብለት ነበር። የጠራን ግን የለም።

ወለተ ማርያም፦

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ሐሳባችሁም ገብቶኛል። ግን እኔ ለዚህ ሰው ማዘን አልቻልኩም፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

አያቱ ጣሊያናዊ ናቸው፤ ከሙሶሊኒ ሸሽተው ነው አሜሪካ የገቡት። ሙሶሊኒ ለእኛ ምን እንደነበር ለማንም አልነግርም። የእኔ አያት በዚያ ጊዜ ነው ወንድማቸውን የቀበሩት። ስለዚህ ከእሱ የሸሸ ቤተሰብ ታሪክ ስሰማ ልቤ ይቀርባል። አያቱ እስከ 72 ዓመታቸው ድረስ ከሰል ቆፈሩ። አባቱም በልጅነታቸው ነው ከጣሊያን የመጡት። ተምረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኑ፤ በጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ሠሩ። የስደተኛ ቤት ነው። የእኔ ቤት ነው።

ታዲያ በ2015 እንደገና ሲወዳደር ምን አለ? በሕጋዊ መንገድ የሚገባውን ስደተኛ በ25 በመቶ እንቀንስ አለ። በሕጋዊ መንገድ! እኔ እህቴን ለማምጣት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄአለሁ። ኤርፖርት ላይ ስንገናኝ ፊቷን ለየሁት፣ ፀጉሯን ግን አልለየሁትም። ሸብቷል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ በር ጠብብ ስትል የአያትህን በር አስብ እላለሁ።

ትዕግሥቱን አልክድም፤ ልጁን መውደዱንም አልክድም። ምርጫ ግን የእኔን ቤተሰብ የሚነካ ነገር ነው።

አዮዋ በረዶ፦

እህቴ ወለተ ማርያም፣ ያልሽው ተሰምቶኛል። እህትሽን እግዚአብሔር ያኑርልሽ። በዚህ ነገር ላይ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ። በ2012ም ሕገ ወጥ ስደተኞችን በተመለከተ ከእሱ ጋር አልተስማማሁም ነበር።

የአዮዋው ሌሊት ላይ ስለ አያቱ የተናገረውን አዳምጫለሁ። አያቱ ሲሞቱ ሬሳ ሳጥናቸው አጠገብ ተንበርክኮ እጃቸውን እንዳየ ነገረን። ትልልቅ እጆች ነበሩ አለ። እኔ ያን ስሰማ የአባቴ እጅ ነው የመጣብኝ። አባቴ ገበሬ ነበር። ድምፄን የሰጠሁት ለዚያ ይመስለኛል። ያንቺን ሳነብ ግን ያ ልብ ለሁሉም መዳረስ ነበረበት ብዬ አሰብኩ።

ለማመዛዘን ያህል አንድ ነገር ልጨምር። በ2003 ፕሬዝዳንት ቡሽ ለኤድስ ሕክምና 15 ቢሊዮን ዶላር ሲያስወስኑ ሳንቶረም ሴኔት ውስጥ ደግፎታል። ኢትዮጵያ ከተመረጡት አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያ መድኃኒት የቆመ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

ቁጥር ወዳጅ፦

ወለተ ማርያም ያነሳችው ትልቅ ነገር ነው፤ በእርጋታ ማንሳቷም አስደስቶኛል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። አሌክሳንድሪያ ዳር ስለ ቨርጂኒያና ኦሃዮ ያለው እውነት ነው። ነገር ግን ሚቺጋንን በወረቀት አናሳብብ። ሚቺጋን ላይ የጣለው አንደበቱ ነው።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ሳንቶረም በአገር አቀፍ መለኪያዎች ሮምኒን ቀድሞ ነበር። ሚቺጋን ደግሞ ሮምኒ የተወለደበት፣ አባቱ ገዢ የነበሩበት ነው። እዚያ ቢያሸንፈው ፓርቲው ይናወጥ ነበር። ምን አደረገ? በአሪዞናው ክርክር ላይ የማያምንበትን የትምህርት ሕግ ለፓርቲው ብዬ ደገፍኩ አለ። ቀጥሎ ኦባማ ሁሉም ልጅ ኮሌጅ እንዲገባ መፈለጉን ትዕቢት ነው አለ። በማግስቱ ደግሞ ኬኔዲ በ1960 ሂዩስተን ላይ ስለ ሃይማኖትና መንግሥት ያደረጉትን ንግግር ሳነብ ሊያስመልሰኝ ነበር አለ። ኬኔዲ የመጀመሪያው ካቶሊክ ፕሬዝዳንት ናቸው! በየካቶሊክ ቤቱ ሥዕላቸው የሚሰቀል ሰው ናቸው። የሚቺጋን ካቶሊኮች ከሳንቶረም ይልቅ ለሮምኒ አደሉ። ሮምኒ ደግሞ ካቶሊክ እንኳ አይደለም፤ ሞርሞን የሚባል ሌላ እምነት ተከታይ ነው። ውጤቱ 41 ለ 38 ሆነ።

ሦስት ነጥብ ነው። ያን ሳምንት ስለ ፋብሪካና ስለ ሠራተኛ ብቻ ቢያወራ ይበቃው ነበር። እሱ ከሌሎቹ የተሻለ የሚያውቀውም ያን ነበር። ኋላ ስለ ኬኔዲ የተናገረው እንደጸጸተው ተናግሯል።

ፒያሳ ሰፈር፦

ይህን ሁሉ እያነበብኩ ሻዬ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ምን ሆነ? ስንት ክፍለ ግዛት አሸነፈ?

የልጆች እናት፦

እኔ ልመልስ። አሥራ አንድ አሸነፈ። ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መርጦታል። ኤፕሪል 10 ቀን ጌቲስበርግ ላይ አቆምኩ አለ። ያኔም ቤላ በፋሲካቸው ሰሞን ሆስፒታል ገብታ ነበር። የእሱ የራሱ ክፍለ ግዛት ፔንሲልቬንያ ሊመርጥ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። በገዛ አገሩ እንደገና ቢሸነፍ ለኋላው ይከፋል የሚሉ ነበሩ። ሊሆን ይችላል። እኔ ያየሁት አባትየውን ነው።

አዮዋ በረዶ፦

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ልጄም እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበ ነው።

አንደኛው ያሳዘነኝ ነገር ነው። ያን ሌሊት ድምፅ ሰጥተን፣ ቆጠራውን አይተን አብዛኞቻችን ወደ ቤት ሄድን። በማግስቱ ሥራ አለ። ስብሰባው ግን አላለቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ካውንቲው ጉባኤ የሚሄዱ ሰዎች ይመረጣሉ። ከካውንቲ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ግዛት፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ጉባኤ። የሮን ፖል ደጋፊዎች አልሄዱም። ቁጭ ብለው ጠበቁ። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት እነሱ ስለሆኑ የተመረጡትም እነሱ ናቸው። የኮከሱ ድምፅ ያን ጊዜ ተወካዮቹን አያስርም ነበር። ኦገስት ላይ ታምፓ በተደረገው ጉባኤ ከአዮዋ 28 ተወካዮች 22ቱ ለሮን ፖል ድምፅ ሰጡ። በአዮዋ ሦስተኛ ለወጣው ሰው! አንደኛ ለወጣው ለሳንቶረም አይደለም። ይህን የሰማሁ ቀን የዚያን ትምህርት ቤት በር ከፍቼ የወጣሁበት ሰዓት ትዝ አለኝ። ሦስት ሰዓት እንኳን አልሆነም ነበር።

ሁለተኛው ስለ ፒክአፗ ነው። ሳንቶረም በ2016 እንደገና ሞከረ። አዮዋን እንደገና ዞረ። በኮከሱ ያገኘው 1 በመቶ ገደማ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ወጣና ማርኮ ሩቢዮን ደገፈ። ላውድነር ግን ያን ጊዜ ከእሱ ጋር አልነበረም። አዮዋ ውስጥ የዶናልድ ትራምፕን ቅስቀሳ ይመራ ነበር።

ፒያሳ ሰፈር፦

እ? ያው የመኪናው ባለቤት?

አዮዋ በረዶ፦

ያው ራሱ። ትራምፕ አዮዋን በቴድ ክሩዝ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ቢሆንም እጩ ሆነ። ስለ ተዘጉ ፋብሪካዎችና ስለ ሠራተኛው ክፍል ሳንቶረም በ2012 በየመንደሩ ሲናገር የነበረውን፣ ሌላ ሰው በሌላ ድምፅ ተናግሮት አሸነፈበት። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ቁጥር ወዳጅ ሊሞግተኝ ይችላል።

ቁጥር ወዳጅ፦

እሞግታለሁ እንጂ። በ2008 አዮዋን ያሸነፈው ማይክ ሃክቢ ነው። በ2012 ሳንቶረም። በ2016 ክሩዝ። ሦስቱም ወግ አጥባቂ ክርስቲያኑን ይዘው አሸነፉ፤ ሦስቱም እጩ አልሆኑም። ያ ሕዝብ አዮዋ ላይ ይበቃል፤ ከአዮዋ ውጭ ብቻውን አይበቃም። ትራምፕ ያመጣው ያንን ሕዝብ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የማይሄደውንም ሠራተኛ ጨምሮ ነው። ሳንቶረም ያን ሠራተኛ ያውቀው ነበር፤ ከእሱ ሰፈር ነው ያደገው። ሚቺጋን ላይ ሊያገኘው ሲደርስ ስለ ኬኔዲ አወራለት።

ወለተ ማርያም፦

እዚህ ላይ እስማማለሁ።

አሌክሳንድሪያ ዳር፦

ወንድሜ አዮዋ በረዶ፣ ለልጅህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ኮሌጁ ቨርጂኒያ አካባቢ ከሆነ፣ ፊርማ የሚሰበሰብበት ወቅት ሲመጣ ይደውልልኝ። የፈለገው እጩ ይሁን፣ የፈለገው ፓርቲ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ላይ አብሬው እቆማለሁ። ፊርማ የሚሰበስበው ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አሁን አውቀዋለሁ፦ ጠንካራ ሰሌዳ፣ ብርድ የማያቆመው እስክሪብቶ፣ እና ፈራሚው አድራሻውን አስተካክሎ መጻፉን የሚያይ ሁለተኛ ሰው። አድራሻው ካልተስተካከለ ፊርማው ይሰረዛል።

ፒያሳ ሰፈር፦

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ 34 ድምፅ ሁሉም ጣቢያ ተቆጥሮ ነው?

አዮዋ በረዶ፦

አይደለም። ከ1,774ቱ ጣቢያዎች የ8ቱ ወረቀት አልተገኘም። ፓርቲው መጀመሪያ አሸናፊውን መናገር አልፈለገም። ሁለት ቀን ሳይሞላ ግን ሳንቶረም ነው ብሎ አወጀ። በዚያው ወር መጨረሻ የክፍለ ግዛቱ የፓርቲ ሊቀመንበር ማት ስትሮን እለቃለሁ አሉ። የእኔ ጣቢያ ወረቀት ደርሶ ተቆጥሯል፤ ኋላ ዝርዝሩ ሲወጣ ፈልጌ አየሁት። የስምንቱ ጣቢያዎች ግን ሳይረጋገጥ ቀረ።